ከአማርኛ ዜና የተጸውዖ ስም ማውጣት፦ የጅማ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ሥራው ስለ ጅማ ከተማና ስለ ጅማ ዞን በአማርኛ ከተጻፉ ዜናዎች ውስጥ የሰው፣ የቦታ፣ የድርጅትና የቀን መጠሪያዎችን በፓይተን ስክሪፕት ለይቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። «ስለ ሰጠማ ወረዳ መንገድ መቼ መቼ ተጻፈ? ማን ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ እንዳይውል ነው።

ለእንግሊዝኛ የተሠሩ መሣሪያዎች ስምን ከሚለዩባቸው ምልክቶች ጠንካራው ትልቅ ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ምልክት ከመነሻው የለንም። በዚያ ላይ ስሙ ብቻውን አይቆምም። ለሙከራ ያዘጋጀነው ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦

«የጎማ ወረዳ ቡና አምራቾች ከጅማ ዞን ግብርና ጽ/ቤት ጋር ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጋሮ ተወያዩ።»

ጎማ ላይ «የ»፣ ጅማ ላይ «ከ»፣ አጋሮ ላይ «በ» ተለጥፏል። «ጽ/ቤት» እዝባር፣ «ዓ.ም.» ነጥብ አለባቸው፤ ጽሑፉን ወደ ቃላት የሚከፍለው መነጠያ ጥንቃቄ ከሌለው ሁለቱንም ይሰነጥቃቸዋል። ጎማ ደግሞ የመኪና ጎማም ነው። በስክሪፕቱ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር መጀመሪያ የሚሮጠው ይህ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ከእሱ የሚጠበቀው ውጤት ሁለት ቦታ፣ አንድ ድርጅትና አንድ ቀን ነው።

ጥቅምት 4

ፋይሎቹ። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ ወደ ባይት የተለወጠበት ዘዴ) ካልተነገረው ፓይተን የማሽኑን ነባር ኢንኮዲንግ ይወስዳል፤ አማርኛው ወይ ይበላሻል ወይ ስህተት ተጽፎ ሥራው ይቆማል። ሲከፈትም ሲጻፍም «ዩቲኤፍ-8» ብሎ በግልጽ መስጠት ግዴታ ነው። ውጤቱን በኤክሴል የሚከፍት ሰው ካለ ደግሞ ሲኤስቪውን (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበትን የሠንጠረዥ ፋይል) መነሻው ላይ ምልክት በሚያኖረው «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ኤክሴል ፊደሉን ወደማይነበብ ነገር ይለውጠዋል።

ከቆዩ የወርድና የፒዲኤፍ ፋይሎች የተወሰኑት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። እነዚህ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው መደበኛ አሠራር፣ አይደሉም። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ አማርኛ መስለው ይታያሉ፣ ስክሪፕቱ ግን የሚያነበው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከፋይሉ ፊደላት ውስጥ በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ባለው የግዕዝ ፊደል ክፍል ያሉት ከግማሽ በታች ከሆኑ ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ይሄዳል፤ በመለወጫ ካለፈ በኋላ ብቻ ይመለሳል።

ጥቅምት 5

ሥርዓተ ነጥብ። አራት ነጥብ በዩኒኮድ አንድ ፊደል ነው፣ ቁጥሩ 4962። ብዙ ጸሐፊ ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ይመታል፤ ዓይን ልዩነቱን አያይም፣ ስክሪፕቱ ያያል። የላቲኑን ኮለን ደጋግሞ የሚመታም አለ። ሦስቱም መጀመሪያ ወደ «።» ካልተለወጡ ሃያ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ይነበባል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ በመጀመሪያ ጥንዶቹ ወደ አራት ነጥብ፣ ከዚያ የቀረው ነጠላ «፡» ወደ ባዶ ቦታ። ከተገለበጠ አራት ነጥቦቹ ጠፍተው ይቀራሉ።

የላቲኑ ነጥብ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም ብለን ወሰንን። ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ.፣ 3.5 ሁሉ በዚህ ይተርፋሉ። እዝባርም በፊደላት መካከል ሲሆን የቃሉ አካል ነው፤ ጽ/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ኮ/ል፣ ገ/ማርያም ሳይሰነጠቁ ይቆያሉ። በፓይተን ሬጀክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ ቋንቋ) የቃል ድንበር ምልክቱ እዝባር ላይ ስለሚቆርጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ «ፊደላት፣ ካስፈለገም እዝባርና ፊደላት» የሚል የራስ ደንብ መጻፍ ይሻላል።

ስለ ግዕዝ ቁጥሮችም አንድ ማስጠንቀቂያ። ፓይተን «፩ አሃዝ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን ስህተት ያወጣል። የሬጀክሱ የአሃዝ ምልክትም ፩ን አያገኘውም። ትንሽ የመለወጫ ሠንጠረዥ ጽፎ ማለፍ ነው።

ጥቅምት 7

ሞክሼ ፊደላት። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በአማርኛ ስድስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። «ኅዳር»፣ «ሕዳር» እና «ህዳር» በአንድ ዜና ውስጥ ይገኛሉ። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያዎች እነዚህን አያዋህዱም፤ ለዩኒኮድ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ራሳችን እንሠራለን።

ፊደሉ በስምንት በስምንት ስለተደረደረ ሥራው ቀላል ነው። ሠ 4640 ላይ፣ ሰ 4656 ላይ ይጀምራሉ፤ ከሠ ቤተሰብ ለሆነ ሁሉ 16 መደመር ወደ ሰ ይወስዳል። ጸ 4920፣ ፀ 4928 ናቸው፤ ልዩነቱ 8። ዐ 4816፣ አ 4768፤ ልዩነቱ 48። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ። ኸን ለብቻው ተውነው፤ በሁሉም ቦታ ከሀ ጋር አይገጥምም። «ሼህ» እና «ሼኽ» በተለዋጭ ዝርዝር ይያዛሉ።

የተዋሃደው ቅርጽ ለፍለጋ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው በዜናው የተጻፈው ነው። ፀጋዬ ብሎ ስሙን የሚጽፍ ሰው ጸጋዬ ሆኖ መውጣት የለበትም፤ ስም የባለቤቱ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ቃል ከመነሻ ቦታው ጋር ይያዛል። ቦታው የሚቆጠረው በፊደል ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ በባይት የሚቆጥር መሣሪያ ከመሃል ከገባ ምልክቱ ሁሉ ይንሸራተታል።

ጥቅምት 9

ቅጥያ መንቀል። የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው፤ ብዙ ስክሪፕቶች የሚሰናከሉትም እዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የዋህ ነበር፦ ቃሉ በ«በ፣ ከ፣ ለ፣ የ» ከጀመረ ቁረጥ፣ በ«ን፣ ም፣ ና፣ ው» ካለቀ ቁረጥ። ውጤቱ ይህን ይመስላል። ከርሳ ወረዳ «ርሳ» ሆነ። በደሌ «ደሌ»፣ በቾ ቦሬ «ቾ ቦሬ»፣ ከፋ «ፋ» ሆኑ። ከሰው ስም ለማ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ከማል፣ ከድር ሁሉም ራሳቸውን አጡ። ኢብራሂም «ኢብራሂ»፣ ሐሰን «ሐሰ» ሆኑ። ከወራት የካቲት «ካቲት» ሆነ። ግብርና «ግብር» ሆኖ ወጣ፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት በአንድ ፊደል የግብር ጽሕፈት ቤት ሆነ ማለት ነው።

መጨረሻው ላይ አናባቢ የሚለጠፍበትም አለ። «ዞኑ» ዞን ነው፤ ን ወደ ኑ ተለውጧል። ይህን ለመመለስ የፊደሉ አደራደር ይረዳል፦ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 5 ሳድስ ነው። ካዕብ ላይ 4 ሲደመር ሳድስ ይገኛል፤ ኑ ወደ ን ይመለሳል። ነገር ግን ይኸው ደንብ ሊሙን «ሊም»፣ አወቱን «አወት» ያደርጋል። በድሩ የሚባል ሰው ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ተበልቶ «ድር» ሆኖ ይቀራል።

አሁን የጸናው ደንብ ይህ ነው። መጀመሪያ ቃሉ እንዳለ በስሞች መዝገብ ይፈለጋል፤ ከተገኘ አይነካም። ካልተገኘ ከፊቱ አንድ ቅጥያ ተነቅሎ ይፈለጋል። ካልተገኘ ከኋላው፣ ቀጥሎ ከሁለቱም። ከፊት እስከ ሁለት ድርብ ይፈቀዳል፣ «በየወረዳው» ዓይነት ስላለ። የትኛውም ካልገጠመ ቃሉ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ በግምት የሚቆረጥ ነገር የለም። «ከከርሳ» አንድ «ከ» ተነቅሎለት ከርሳ ላይ ይቆማል፤ «ከርሳ» ግን ሳይነካ ያልፋል።

«ባጋሮ»፣ «ካጋሮ»፣ «ያጋሮ» ደግሞ አ ከቅጥያው ጋር ተውጦባቸዋል። ቃሉ በባ፣ ካ፣ ላ፣ ያ ከጀመረና ሌላው መንገድ ሁሉ ካልሠራ የመጀመሪያው ፊደል ወደ አ ተለውጦ እንደገና ይፈለጋል። «ባዲስ አበባ»ም በዚህ ይገኛል።

ጥቅምት 11

መዝገቡ። አንድ ረድፍ አንድ ስም ነው፦ ዋና አጻጻፍ፣ ተለዋጮች፣ ዓይነት፣ የበላይ አካባቢ። ጅማ/ጂማ፣ ጅረን/ጂሬን፣ ሂርማታ/ሄርማታ፣ ኦሮሚያ/ኦሮምያ። የአካባቢው ስም በአብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ የኦሮምኛን ረጅምና አጭር አናባቢ በግዕዝ ፊደል ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አያስቀምጠውም፣ ተለዋጩ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ፍለጋው ከረጅሙ ይጀምራል። ሊሙ ሰቃ አንድ ወረዳ ነው፣ ሊሙ ኮሳ ሌላ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ሌላ። አጭሩ ከቀደመ «ሰቃ» ከሁለቱም እየተመዘዘ የሌለ ቦታ ይፈጠራል። ቀበሌዎቹም እንዲሁ ናቸው፦ መንደራ ቆጪ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ ጊንጆ ጉዱሩ።

ጥቅምት 12

ተለዋጭ መሰብሰብ አድካሚ ስለሆነ ተቀራራቢ ቃልን የሚያገናኝ ፍለጋ ተጨመረ፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ «ያው ነው» የሚል። በዚያው ቀን ወጣ። ምክንያቱ ጎማና ጉማ ናቸው። ሁለቱም የጅማ ዞን ወረዳዎች ናቸው፤ አጋሮ ያለችው በጎማ ነው፣ ጉማ ሌላ ነው። ስክሪፕቱ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። የጉማ ሰው ስለ ወረዳው የተጻፈውን በጎማ ስም ተመዝግቦ ካገኘው ሠንጠረዡ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻለው ነበር።

ነገሩ ከፊደላችን ጠባይ ይመጣል። በላቲን አንድ ፊደል ወይ ተነባቢ ነው ወይ አናባቢ፤ በእኛ አንዱ ፊደል ሁለቱንም ይይዛል። ባለ ሁለት ፊደል ቃል ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት የቃሉ ግማሽ ነው። ይህን ዓይነት ፍለጋ የግድ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ በትኖ ይለካ፤ አራት ፊደልና ከዚያ በታች ለሆኑ ቃላትም ጨርሶ አይጠቀምበት። እኛ ወደ ተለዋጭ ዝርዝሩ ተመለስን።

ጥቅምት 14

የሰው ስም። ዋናው መግቢያ ማዕረግ ነው፦ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ኮማንደር፣ ኢንስፔክተር፣ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቀሲስ፣ ከነአጽሕሮታቸው። ከማዕረጉ ቀጥሎ ከአንድ እስከ ሦስት ቃል ይወሰዳል፤ የሥራ መደብ፣ «እና» ወይም ነጠላ ሰረዝ ሲመጣ ይቆማል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ከተከታያቸው ጋር እንደ አንድ ቃል ይቆጠራሉ፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያምና ገ/ማርያም አንድ ስም ናቸው።

«አባ» ለብቻው መታየት አለበት። በሌላ አካባቢ ዜና «አባ» የካህን መጠሪያ ነው፤ እዚህ ግን የስሙ አካል ነው፣ በኦሮሞ ባህል የፈረስ ስም መሆኑ ይታወቃል። አባ ጅፋርን «ጅፋር» ማድረግ ስሙን ማፍረስ ነው። ስለዚህ «አባ» ከማዕረግ ዝርዝር ወጥቶ ከገብረና ከወልደ ጎን ገባ።

የተለመዱ ስሞቻችን ግስም ናቸው፦ ተሾመ፣ ታደሰ፣ ተፈራ፣ አበበ። የሹመት ዜና ላይ ይህ ያስቸግራል። ሁለት ነገር ይረዳል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ከ«።» በፊት ያለ ቃል ስም የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ዜና ደግሞ ሰውን አንቱ ስለሚል «ተሾሙ» እንጂ «ተሾመ» አይልም።

ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ የእንግሊዝኛ ዜና የቤተሰብ ስምን ይዞ ይቀጥላል፤ የእኛ የሰውየውን የራሱን ስም ነው። «አቶ ከማል» ተብሎ ሲመጣ በዚያው ዜና ውስጥ ቀደም ሲል በከማል ከጀመረው ሙሉ ስም ጋር ይያያዛል። ከዜና ወደ ዜና ግን አይያያዝም፤ ሞክሼው ብዙ ነው።

ጥቅምት 16

ቀን። የወር ስም፣ ቁጥር፣ «ቀን»፣ ዓመት፣ «ዓ.ም.»፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይኖሩ ይችላሉ። «እ.ኤ.አ.» ካለ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሌለ ወደ ኢትዮጵያ። 7 ወይም 8 መደመር ለዓመቱ ይበቃል፣ ለቀኑ አይበቃም። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነው፤ በሌላ ዓመት ግን 21 ይሆናል። 2015 ጳጉሜን 6 የነበረበት ስለሆነ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረው ጳጉሜን 6 ነች፤ ይህን ያልያዘ ስክሪፕት ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን ያስታል። «ትናንት» እና «ባለፈው ማክሰኞ» ዜናው ከወጣበት ቀን ተነስተው ይሰላሉ፤ የወጣበት ቀን ከሌለ ባዶ ይተዋሉ።

ጥቅምት 19

መለያ መስጠት። በደንቦቹ ብቻ የማይያዘው ስለሚበዛ ከምሳሌ የሚማር ሞዴል ይታከልበታል፤ ለዚያ በእጅ የተለየ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የስም መጀመሪያ «ጅ»፣ ቀጣዩ «ው»፣ ስም ያልሆነው «ሌላ» ይባላል፦

የጎማ፦ ጅ-ቦታ
ወረዳ፦ ው-ቦታ
ቡና፦ ሌላ
አምራቾች፦ ሌላ
ከጅማ፦ ጅ-ድርጅት
ዞን፦ ው-ድርጅት
ግብርና፦ ው-ድርጅት
ጽ/ቤት፦ ው-ድርጅት

ጅማ ቦታ ሆና ሳለ እዚህ «ድርጅት» የተባለችው በድርጅቱ ስም ውስጥ ስላለች ነው። ደንባችን ሰፊው ይቀድማል የሚል ነው፤ ውስጡ ያለው ቦታ በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። በጣም ያከራከረው «ጅማ አባ ጅፋር» ነበር። «ጅማ አባ ጅፋር የ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን አነሳ» ሲል የእግር ኳስ ክለቡ ነው፣ ሦስቱም ቃል ድርጅት። «በጅረን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት» ሲል ቦታ። «ንጉሥ አባ ጅፋር» ሲል ሰው። ሦስቱም ምሳሌ በመመሪያው ላይ ተጽፈዋል።

ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ሳያይ አንድ ዓይነት 100 ዓረፍተ ነገር ይለያል። ስምምነቱን በየቃሉ መቁጠር ያታልላል፤ አብዛኛው ቃል «ሌላ» ስለሆነ ስም ላይ የማይስማሙ ሰዎችም የተስማሙ ይመስላሉ። የአንዱን እንደ መልስ፣ የሌላውን እንደ ሙከራ ወስዶ በሙሉ ስም ማነጻጸር ነው ትክክለኛው።

ጥቅምት 24

ሞዴሉ። በብዙ ቋንቋዎች የሠለጠነው መልቲሊንጓል በርት አይሆንም፤ አማርኛን ስላልተማረ ፊደላችን በቃላት ዝርዝሩ የለም፣ ቃሉን ሁሉ «የማይታወቅ» ይለዋል። ሌላው የብዙ ቋንቋ ሞዴል ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ግን በአማርኛም ሠልጥኗል፤ መካከለኛው መጠን ይበቃል። ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ከተቋረጠበት በሚቀጥል ማውረጃ ይወርድ።

መነሻ ዳታው ስሞቹ የተለዩበት የዜና ዓረፍተ ነገሮች ስብስብ፣ ማሳካኔር፣ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የወጣ ሲሆን አማርኛ አንዱ ነው። ለአማርኛ 1,750 የማሠልጠኛ ዓረፍተ ነገር አለው፤ መለያዎቹም ሰው፣ ቦታ፣ ድርጅትና ቀን ስለሆኑ ከእኛ ጋር ይገጥማሉ። መጀመሪያ በእሱ፣ ቀጥሎ በጅማ ዜናዎች ይሠለጥናል።

ቅንብሩ፦ የመማር ፍጥነት 0.00002፣ በአንድ ጊዜ 16 ዓረፍተ ነገር፣ 10 ዙር፣ የዓረፍተ ነገር ጣሪያ 256 ቁራጭ። ሞዴሉ ቃሉን ሊሰባብረው ስለሚችል መለያ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ለቀሩት 100 ከነመቀነስ ምልክቱ ይሰጥና ስሌት ውስጥ አይገቡም። ይህ ሲዘነጋ ረጃጅም ስሞች ከሚገባቸው በላይ ይመዝናሉ። በየ100 እርምጃው ሁኔታው እንዲቀመጥ ይደረግ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር አይገባም።

ዳታው የሚከፈለው በዜና ነው፣ በዓረፍተ ነገር አይደለም። አንድ ዜና ግማሹ ማሠልጠኛ፣ ግማሹ መፈተኛ ውስጥ ከገባ ሞዴሉ ስሙን ሸምድዶ ይመጣል። አንዱ ዜና በተለያየ ቦታ ተደግሞ ስለሚወጣም ቅጂዎች ቀድመው ይወገዱ።

ጥቅምት 28

መለካት። ዜናው ውስጥ 10 ስም ቢኖር፣ ስክሪፕቱ 8 ቢያወጣና ከ8ቱ 6ቱ ትክክል ቢሆኑ፣ ጥራቱ 0.75፣ ሽፋኑ 0.60 ነው፤ የሁለቱ ሚዛን 0.67 ገደማ። ትክክል የሚባለው ድንበሩም ዓይነቱም ሲገጥም ብቻ ነው። «ጅማ ዞን ግብርና» ብሎ «ጽ/ቤት»ን የተወ አልገጠመም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ይታይ፤ ቀን ቀላል ስለሆነ አማካዩን ያሳምረዋል፣ ድርጅት ደግሞ ከሥሩ ይደበቃል።

መዝገቡና ሞዴሉ ሲጋጩ ለቀበሌና ለወረዳ መዝገቡ ይቀድማል፣ ለሰውና ለድርጅት ሞዴሉ።

ኅዳር 1

መፈተኛው ዓረፍተ ነገር አራቱንም ይሰጣል። ያልተዘጋው «ጎማ» ያለ «ወረዳ» ሲመጣ ነው። የወረዳው ስምና የመኪናው ጎማ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ከጎማ የመጣ ቡና» እና «ከጎማ የተሠራ ጫማ» በዓይን አንድ ናቸው። በዙሪያው ባሉት አምስት አምስት ቃላት ውስጥ አጋሮ፣ ጅማ፣ ዞን፣ ነዋሪ፣ አርሶ አደር ካለ ቦታ ይባላል። ከሌለ «ይታይ» ወደሚባለው ፋይል ይሄዳል፤ ያንን ፋይል የአካባቢውን ስም የሚያውቅ ሰው በየሳምንቱ አርብ ያነበዋል።